ዋንዛ ስንት ምስማር ያጣምማል?

ጌሙ ውስጥ ያለው ዛፍ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር። ግንዱ ቡናማ፣ አናቱ አረንጓዴ፣ ልክ ሕፃን ልጅ ግድግዳ ላይ እንደሚስለው። ተጫዋቹ በመጥረቢያ ሦስቴ ይመታዋል፣ ዛፉ ዱብ ይላል፣ «እንጨት» የሚባል ነገር ይሰጠዋል፣ በሱ ቤት ይሠራል። አለቀ። ምን እንጨት? እንጨት ነዋ!

ፍልጥ ይሄን ጌም በስልኩ ሲጫወት ቆሽቱ አረረ። ፍልጥ ሰፈር ያወጣለት ስም ነው። አጎቱ አናጢ ነው፤ እሱም ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ጥሎ፣ ትምህርቱም እሱን ጥሎ፣ አጎቱ ጋ መጋዝ ሲስብ ነው ያደገው። እና ለጌሙ ሠሪዎች በድምፅ ላከላቸው፤ «ወንድሞቼ፣ እናንተ በሕይወታችሁ ዛፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ወይስ በወሬ ነው የሰማችሁት?» አንድ መልእክት እንዳይመስላችሁ፣ አሥራ አራት ነው። አሥራ አምስተኛውን ሳይልክ ደወሉለት። አፍህ ይሄን ያህል ከሠራ እጅህም ይሥራ፣ ና፣ አንድ ወር እንሞክርህ አሉት።

አጎቱ ወሬውን ሲሰማ መላጊያውን አስቀመጠ።

«ጌም ደግሞ ሥራ ነው?»

«ሥራ ነው እንጂ ጋሼ። ወንበሩ ራሱ ይሽከረከራል።»

«እሺ። ወሩ ሲያልቅ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ። እንጨት የሚመስል እንጨት ካሳየኸኝ እዚያው ተሽከርከር። ካላሳየኸኝ ሰኞ ጠዋት መጋዝህን ታነሳለህ። ክርክር የለም።»

ፍልጥ ደግሞ ወደ መጋዙ ከሚመለስ እባብ ቢነክሰው ይመርጣል። ዕድሜ ልኩን ሲያስነጥስ ሰጋቱራ ነው የሚወጣው። ንጹሕ ማስነጠስ ያየው ቢሮ ከገባ ወዲህ ነው።

ቢሮ ማለት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ሁለት ጠረጴዛ፣ የማይከፈት መስኮት፣ የማይዘጋ በር። አንደኛው ጠረጴዛ ላይ ኮድ ጸሐፊዋ ትቀመጣለች። ሁለተኛው የአለቃው ነው፤ ስልኩ ሁሌ ሊዘጋ ሁለት ፐርሰንት ስለሚቀረው ገመድ አንጠልጥሎ ሶኬት ፍለጋ ሲዞር ይውላል፤ ፍልጥ በመጀመሪያው ቀን «ቻርጀር» አለው፣ በዚያው ጸና።

ሥዕሉን የሚሠራው ቻርጀር ነው። ፍልጥ አንድ ጠዋት ሲገባ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ጣውላ ተደርድሮ አየ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ወይራ።»

«ለምን አረንጓዴ ሆነ?»

«ወይራ አረንጓዴ አይደል እንዴ?»

«ፍሬው ነዋ! እንጨቱ ቡኒ ነው፣ ጥቁር ጥቁር መስመር አለው። አንተ የብርቱካን ግንድም ብርቱካናማ ነው የሚመስልህ?»

ቻርጀር ጨርሶ አልተቀየመም፤ እንዲያውም ሌላ ጥያቄ አመጣ። «እሺ ባሕር ዛፍስ፣ ቅጠሉ መቼ ነው የሚቀላው? ቀይ ቅጠል ያምራል።»

«አንተን ሲያይ፣ በሐፍረት።»

ይሄ ግን ምንም አይደል። ደሙን ያፈላችው ኮድ ጸሐፊዋ ናት። ልጅቷ ጥሩ ናት፤ ትስቃለች፣ ብስኩቷን ታካፍላለች። ግን ከቁጥር ውጪ ጆሮ የላትም።

«ወይራ ምን ያህል ይጠነክራል?»

«ኧረ ተይኝ እህቴ፣ ወይራማ ጉድ ነው።»

«ጉድ ቁጥር አይደለም። ከዜሮ እስከ አሥር ስጠኝ።»

«በጣም ይጠነክራል።»

«በጣምም ቁጥር አይደለም፣ ፍልጤ።»

ጽድ ሲላግ ሽታው ቤት ይሞላል ይላታል፤ ሽታ የምጽፍበት ቦታ የለኝም ትለዋለች። እርጥብ ባሕር ዛፍ ቆርጠሽ በር ብትሠሪ ሲደርቅ ተጣሞ አልዘጋም ይላል ይላታል፤ ስንት ዲግሪ ይጣመማል ትለዋለች። አሥር ዓመት በእጁ የዳበሰውን ነገር ሁሉ አንዲት ጠባብ ሳጥን ውስጥ አጥፈህ ክተት ነው የምትለው። ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ፍልጥ ማታ ቤቱ ገብቶ ትራሱን በቡጢ ይነርታል፤ ትራሱም ዝም ይላል፣ ምን ያድርግ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ነገር ብልጭ አለለት። አጎቱ ጋ አዲስ ጣውላ ሲመጣ አሥር ምስማር ይመታበታል፤ ከአሥሩ ስንቱ እንደተጣመመ ይቆጠራል። ይኸው ቁጥር! በማግስቱ ቁርጥራጭ እንጨት በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ፣ መዶሻ በወገቡ ሽጦ ሦስተኛ ፎቅ ወጣና ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ቋ! ቋ! ቋ!

ወይራው ጋ ሳለ ከታችኛው ፎቅ የጥርስ ሐኪሟ ጓንቷን ሳታወልቅ መጣች።

«ወንድም፣ በሽተኛዬ አፉን አልከፍትም አለኝ እኮ! ገና ሳልነካው በመዶሻ የምነቅልለት መስሎታል!»

«አይዞህ በይው ዶክተር፣ የቀረኝ ዋንዛ ነው። ዋንዛ አያምም።»

ውጤቱ ወጣ። ወይራ ዘጠኝ ምስማር አጣመመ፣ ባሕር ዛፍ ስድስት፣ ጽድ ሦስት፣ ዋንዛ ምንም። ኮድ ጸሐፊዋ ልታቅፈው ምንም አልቀራት። «እንዲህ አትለኝም!» ብላ «ጥንካሬ» የሚለው ሥር ቀጭ ቀጭ አድርጋ ጻፈችው። ዘጠኝ፣ ስድስት፣ ሦስት፣ ዜሮ።

ወሩ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ሞከሩት። ወይራው መጥረቢያውን መልሶ ተፋው። ባሕር ዛፉ ላብ አስጠምቆ ወደቀ። ቻርጀር ሲጨፍር ገመዱን ከሶኬት ነቀለው። ወንዝ ማዶ ወደተተከለው ዋንዛ የሄደ ሰው የለም፤ ለስላሳውን ማን ይጠረጥራል?

ቅዳሜ አጎትየው መጣ። ካፖርቱን ለብሶ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ። ቻርጀር ወንበር ሳበለት፣ ኮድ ጸሐፊዋ ማውሱን አስያዘችው። አጎትየው ማውሱን ገልብጦ ሆዱን አየና መልሶ አስቀመጠው።

ወይራውን መታ። መጥረቢያው ነጠረ። «እ» አለ። ባሕር ዛፉን መታ፣ ቆጠረ፣ ጣለ። «እእ» አለ። ፍልጥ ያውቀዋል፤ አጎቱ ሁለት «እ» ካለ ሙገሳ ነው። ፍልጥም ወንበሩ ላይ አንድ ዙር ተሽከረከረ።

«ዋንዛ የለም?»

«እንዴት ይጠፋል ጋሼ! ወንዙን ተሻገር።»

ተሻገረ። ጥላው ሰፊ የሆነ የሚያምር ዋንዛ ቆሟል። አጎትየው መጥረቢያውን ገና ሳያነሳ፣ ትከሻው ነካ አደረገውና ዛፉ ዘፍ አለ። ወደ ሁለተኛው ሄደ፤ ዘፍ። ደንግጦ ሲሸሽ ሦስተኛውን ነካው፣ ሦስተኛው አራተኛውን፣ ሐዘን እንደሰማ ሰው ደኑ በሙሉ ተዘረረ። ቻርጀር ቶሎ ብሎ በዋንዛ ወደተሠራው ቤት አስገባው። አጎትየው በሩን ነካ። ቤቱ አናቱ ላይ ወረደ።

«ሰላም ሳልለው ወደቀ» አለ አጎትየው።

«ዜሮ ብለኸኝ ነው!» አለች ኮድ ጸሐፊዋ።

«ዜሮ ያልኩሽ የተጣመመውን ምስማር ነው እንጂ እንጨቱን ነው እንዴ?!»

«ጥንካሬ በምስማር ይለካል ያለህ ማነው?» አለ አጎትየው።

«አንተ ነሃ! አንተ አይደለህ እንዴ የምትመታው!»

«እኔ የምመታው፣ ለምስማሩ ቀድሜ ቀዳዳ ልብሳለት ወይስ ይቅር ለማለት ነው። ዋንዛ ምስማር ይቀበላል ማለት ሊጥ ነው ማለት ነው?» ብሎ ወንበሩን ጎትቶ ወደ ኮድ ጸሐፊዋ ዞረ። «ስሚ ልጄ። አንድ ጊዜ በተሞረደ መጥረቢያ አንድ ወይራ ትጥያለሽ፣ ከዚያ ስለቱ አለቀ። በዚያው ስለት ዋንዛ ከሆነ አራት ትጥያለሽ።»

የልጅቷ ዓይን በራ። «ስለዚህ ወይራ አሥር ከሆነ ዋንዛ ሁለት ተኩል!»

«ይሄንንማ እኔም አውቃለሁ!» ፍልጥ ብድግ አለ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ጠየቅሽኝ?»

«ወር ሙሉ ጠየቅኩህ!»

እውነቷን ነው፣ ወር ሙሉ ጠይቃዋለች፤ እሱም ወር ሙሉ መልሶላታል። ጥያቄውና መልሱ ግን አልተገናኙም። አጎቱ በአንዲት መጥረቢያ አገናኛቸው፤ ይሄ ነው ያንገበገበው።

ቻርጀር አጠገባቸው መጥቶ ገመዱን እያፍተለተለ «ጋሼ» አለ፣ ድምፁን አለስልሶ፣ «ሳምንት ውስጥ ሦስት ቀን ብቻ ቢመጡልንስ?»

«እኔ ሥራ የለኝም? አናጢ ቤቱን ማን ይይዘዋል?»

ሁሉም ዞረው ፍልጥን አዩት።

ከእንጨት መርጦ ለታቦት፣ ከሰው መርጦ ለሹመት ይባላል። እዚያች ክፍል ውስጥ ግን እንጨቱን ያመጣው ፍልጥ፣ የተመረጠው አጎቱ። «ጋሼ፣ አሥራ አራቱን መልእክት የላክሁት እኮ እኔ ነኝ!» አለ። አጎቱ ስክሪኑን እያየ ቁልፉን ወረወረለት። «ሰኞ ያቺ ቁም ሳጥን ያዘዘችው ሴትዮ ትመጣለች። ጽዱን ጠርዙ ላይ እንዳትመታው፣ ይሰነጠቃል።»

«ጽድ እንደሚሰነጠቅ ለኔ ነው የምትነግረኝ?!»

«ቆይ፣ ይሰነጠቃል?» አለች ኮድ ጸሐፊዋ፣ እንደ አዲስ ሰምታ። «ጋሼ፣ ከስንት አንዴ?»

ሰኞ ሴትየዋ መጣች፤ ጃንጥላዋን ይዛ፣ ትልቅ ሰው ናት።

«ጋሼ የታሉ?»

ፍልጥ ጣውላውን በጉልበቱ ይዞ ቀና አለ። ለዚህች ሴትዮ ስንት ጊዜ ዋሽቷል፤ ቀለሙ አልደረቀም፣ መሮው ተሰረቀ፣ ጋሼ ለቅሶ ሄዱ። ሁሉንም አምናዋለች። ዛሬ ግን የሚዋሽበት አቅም አጣ።

«ጌም እየተጫወቱ ነው።»

«ምን?»

«ጌም። ኮምፒውተር ላይ። እዚያው ሦስተኛ ፎቅ ተቀጥረው ዛፍ ይተክላሉ።»

«አንተ ባለጌ!» ጃንጥላዋን አነሳችበት። «ያሳደጉህ ሽማግሌ ላይ ትቀልዳለህ? ቆይ፣ ነገ መጥቼ አንድ በአንድ ነው የምነግርልህ!»

«ይንገሩልኝ እትዬ። ነገ ግን አይምጡ፣» አለ ፍልጥ መጋዙን እየሳበ፣ «ነገ የሚተክሉት ዝግባ ነው።»