የዕረፍት ተራ

የስፌት መኪናው ያለማቋረጥ ይሮጣል። ተዋቸው የሰማያዊውን ዩኒፎርም እጅጌ በመርፌው ስር እያሾለከ ነው፤ በሩ ዳር በርጩማ ላይ የተቀመጡትን አባቱን ቀና ብሎ እንኳ አላየም። አያ በላቸው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ዝም ብለው ይጠብቃሉ። የሚጠብቁት የልጃቸው ስልክ እስኪጮህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ቆቦ ከተማ ውስጥ እንደ ልብስ ሰፊ የሚፈለግ ሰው የለም። ተዋቸው ሥራው ሲከመርበት አሠራሩን ቀየረ። ስልኩ እንዲጮህ ሰዓት ይሞላል፤ እስኪጮህ ድረስ ከመኪናው ላይ ቀና አይልም፤ ሲጮህ ጥቂት ያርፋል፤ ከዚያ እንደገና ይጀምራል። ከኢንተርኔት ያገኛት ዘዴ ናት፤ እውነት ለመናገር ሠርታለታለች። አንድ ቀን አባቱ በጨዋታ ይዘውት ኮሌታ አጣሞ ሰፋና ተናደደ። "አባባ፣ ስሰፋ አያናግሩኝ። ስልኩ ሲጮህ የፈለጉትን ያህል እንጫወታለን" አላቸው።

ሌላ አባት ቢሆን ይቀየም ነበር። አያ በላቸው ግን ደስ አላቸው። ሮቢት አጠገብ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ በየማሳው ሲያካፍሉ የኖሩ ሰው ናቸው። እዚያ የሰው ተራ አይነካም። ልጃቸው ለሥራና ለዕረፍት ተራ ማበጀቱ አኮራቸውና ለጎረቤቱ ሁሉ አወሩለት።

ዛሬ የመጡት ግን ለጨዋታ አልነበረም። ጎርፉን ወደ ማሳ የሚመልሰው ክትር ትናንት ተሰብሯል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ እያንዳንዱ ቤት አንድ ጉልበት ያለው ሰው ልኮ ይጠግናል፤ ሰው ያልላከ ቤት ከሚመጣው ጎርፍ አይደርሰውም። ማሽላው ፍሬ ሊይዝ ነው። አንድ ውሃ ካገኘ የዓመት እህል ይሆናል፤ ካላገኘ ለከብት ከመታጨድ አያልፍም። የአያ በላቸው ወገብ ደግሞ አካፋ ማንሳት እንቢ ካለ ቆይቷል። ወንድ ልጃቸው አንድ ተዋቸው ብቻ ነው። "ለግማሽ ቀን ድረስልኝ" ሊሉት ነበር የመጡት። እንዲህ ያለውን ነገር በስልክ መጠየቅ ደግሞ አይሆንላቸውም።

ስልኩ ጮኸ። መኪናው ቆመ። አያ በላቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ተዋቸው ጣቶቹን አፍታታና ስልኩን አነሳ። ያነሳው ጩኸቱን ሊያጠፋ ብቻ ነበር። ግን አንድ ሰውዬ ከአህያ ላይ ሲወድቅ የሚያሳይ ቪዲዮ ብቅ አለ፤ ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ ሌላ። ለብቻው ሳቀ።

"ቤት ሁሉ ሰላም ነው፣ አባባ?" አለ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።

"እግዜር ይመስገን። ክትሩ ግን…"

"እ?"

አያ በላቸው የልጃቸውን ፊት አዩት። ጆሮው እሳቸው ጋ አልነበረም። "ግዴለም፣ ጨርስ" አሉት። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ የት ያልቃል? ስልኩ መልሶ ሲጮህ ተዋቸው ደንገጥ ብሎ ወደ መኪናው ዞረ።

በሁለተኛው ዕረፍት ስለ ኳስ ከጓደኛው ጋር በጽሑፍ ሲከራከር ቆየ። አያ በላቸው በዚህ መሃል ተነሥተው ጎረቤት ክርና ቁልፍ የምትሸጠው ሀናን ጋ ገቡ፤ ሻይ አጠጣቻቸው። ተመልሰው ሲመጡ የስፌት መኪናው እንደገና መሮጥ ጀምሮ ነበር። በምዕራብ በኩል ተራራው በዝናብ ደመና ጠቁሯል። ቆመው ትንሽ አመነቱና ዱላቸውን አነሱ።

"ልሂድ እንግዲህ፣ መኪና እንዳያመልጠኝ።"

"ምነው ቶሎ? አንዴ ይጠብቁኝ፣ አሁን ሊጮህ ነው።"

"አይ ልጄ፣ ሥራህን ሥራ። ተራህ ነው።"

ሄዱ። ተዋቸው ስልኩ ሲጮህ ባዶውን በርጩማ አየው፤ ትንሽ ቅር አለውና ወዲያው ስልኩን ከፈተ።

በማግስቱ ጠዋት ሀናን ያዘዛትን ነጭ ክር ይዛ መጣች። የባሏ ዘመዶች ሮቢት ናቸው፤ ወሬ ቀድሞ የሚደርሰው እሷ ጋ ነው። ማታ ጎርፍ መጥቶ ማሳው ሁሉ ሲጠጣ ማደሩን ነገረችው።

"እልል ነዋ" አለ ተዋቸው።

"የአባትህ አልጠጣም።"

"እንዴት? የሚያካፍሉት እሳቸው አይደሉም እንዴ?"

"እሳቸው ናቸው። ተራው የራሳቸው ማሳ ላይ ሲደርስ ዘለሉት። ሰዉ ሁሉ ይጠጣልዎ ብሎ ለመናቸው አሉ። 'ለክትሩ ጥገና ሰው አልላክሁም፣ ደንቡን የማውቀው እኔ ነኝ' አሉና ውሃውን ለሚቀጥለው ከፈቱለት።"

ተዋቸው እግሩን ከመኪናው ላይ አነሳ። "ለምን ሳይነግሩኝ?"

ሀናን ክሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "ትናንት እኔ ጋ ሻይ ሲጠጡ፣ ጠየቁት ወይ አልኳቸው። 'ልነግረው ነበር፣ ልጄ ዕረፍት አላገኘም' አሉኝ።"

ከዚህ በኋላ የተናገረችውን አልሰማም። አባቱ ይህን ያሉት ለአሽሙር እንዳልሆነ ያውቃል፤ የሚያንገበግበውም ይኸው ነበር። እውነት ዕረፍት ያጣ መስሏቸው አዝነውለት ነው የሄዱት። ከአህያ ስለወደቀው ሰውዬ አሰበ። አሁን መልኩን እንኳ አያስታውሰውም። በራሱ አፈረ። የጀመረውን ኮሌታ ከነመርፌው ትቶ ሱቁን ዘጋና ሮቢት የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረ።

አባቱን ማሳው ዳር አገኛቸው። የጎረቤቶቹ መሬት ጠጥቶ ጠቁሯል፤ የእሳቸው ብቻ መሃል ላይ አመድ መስሎ ተሰነጣጥቋል። አያ በላቸው የቦዩን አፍ በዶማ እየጠራረጉ ነበር፤ አንዴ ይመታሉ፣ ወገባቸውን ይዘው ይቆማሉ።

"ምን ሆነህ ነው? ሥራህስ?" አሉ ሲያዩት።

"ይደርሳል። ይስጡኝ።"

"ጫማህ ይበላሻል።"

ጫማውን አወለቀና ዶማውን ከእጃቸው ተቀበለ። ቦዩን መጥረግ አሁን ምን እንደሚጠቅም አልጠየቀም፤ ክረምቱ ሊወጣ ነው፣ ሌላ ጎርፍ መምጣቱን እንጃ። እጁ እስኪላጥ ቆፈረ። አያ በላቸው ዳር ላይ ተቀምጠው ያዩታል።

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። አያ በላቸው እንደ ለመዱት ፊታቸውን ወደ ተራራው መለሱ፤ ልጃቸው ስልኩን እስኪያይ በሰላም ሊተዉት ነው። ይህችን ሲያይ ተዋቸው ዓይኑ እንባ ሞላ። ስልኩን አወጣና ጨርሶ አጠፋው። ዶማውን መሬቱ ላይ ተክሎ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ።

"አባባ፣ ዕረፍት ነው። ትናንት ሊነግሩኝ የመጡትን ይንገሩኝ።"

"አለፈ እኮ፣ ልጄ። አሁን ምን ያደርጋል?"

"ያለፈም ቢሆን ይንገሩኝ።"

አያ በላቸው ደረቁን ማሽላ አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።