የተላጨው ክንድ

ፀጉር አስተካካዩ እያፏጨ ሲመጣ፣ ሚስቱ ነገር እንዳለ ወዲያው ጠረጠረች። የክሊኒኩ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቀው ነበር። ይህ ሰውዬ እኮ አንድ የታመመ ጥርስ ለማስነቀል ወራት ያቅማማ ሰው ነው፤ ዛሬ ምን ተገኘና ነው የሚያፏጨው?

"ተከተብክ?"

"ታዲያስ! የወባ ትንኝ የነካችኝ ያህል ነው፤ ምንም አይል።"

የእሷ ክንድ ግን ከአሁኑ መክበድ ጀምሯል።

ሁለቱም የመጡት ለልጅ ልጃቸው ሲሉ ነው። ልጃቸው ያለ ጊዜው የወለደችው ሕፃን ገና ሆስፒታል ነው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከእናቱ ጋር ወደ እነሱ ቤት ይገባል። ሐኪሙ ነገሩን አለሳልሶ አልነገራቸውም። ትክትክ ከያዘው አይተርፍም፣ የራሱን ክትባት እስኪጀምር የሚያቅፉት አያቶቹ አስቀድመው ይከተቡ፣ ብሏል።

ማታ ሸሚዙን ሲቀይር ክንዱን አየችው። ባልየው ክንዱ ሳይቀር ፀጉራም ነው። በፕላስተሩ ዙሪያ ያለው ግን አራት ማዕዘን ሆኖ ተላጭቷል፤ ጠርዙ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል።

"ማን ላጨህ?"

"ነርሱ ነዋ። ፕላስተሩ ሲነሳ እንዳያመኝ ብሎ።"

"አይ ደግነት! የእኔዋ ግን ለጥፋብኝ ነው ቀጣዩን የጠራችው።"

ሸሚዙን ቶሎ አጠለቀ። ጠጋ ስትል የፀጉር ቤቱ ኮሎኝ ሸተታት። የወንዶቹ መከተቢያ ክፍል በጎዳናው በኩል ሌላ በር እንዳለው፣ ከጎዳናው ማዶ ደግሞ የባሏ ፀጉር ቤት እንዳለ ያን ጊዜ ትዝ አላት።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣች። በማግስቱ የእሷ ክንድ ድስት ማንሳት ሲያቅተው፣ እሱ ቁም ሣጥኑን ብቻውን ገፍቶ ለሕፃኑ አልጋ ቦታ አበጀ። ሆን ብላ ትከሻውን መታ አደረገችው፤ ዞሮ ሳቀላት። ክሊኒክ ሄዳ ልትጠይቅ ሁለቴ ወጥታ ሁለቴም ከበሩ ተመለሰች። ባሏን በሰው ፊት ውሸታም ማድረግ ሞት ሆነባት። ደግሞስ እውነቱን ቢሆንስ? በራሷም ተናደደች። ሕፃኑ አንድ ነገር ቢሆን ይህ ይሉኝታዋ ምን ሊረባ ነው?

ልጅቱ ሕፃኑን ታቅፋ የገባች ቀን አባትየው አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ በር ላይ ቆሞ ነበር።

"በል አባዬ፣ እንካ ያዘው" አለችና ጥቅሉን ዘረጋችለት።

ሚስትየው ከወንበሯ ተነሳች። ዛሬስ አልተወውም፣ በልጄም ፊት ቢሆን እናገራለሁ ብላ አፏን ከፈተች። ባልየው እጆቹን ዘርግቶ ነበር። ሕፃኑ ፊቱን ጨምደድ አድርጎ አዛጋ። ሰውየው እጆቹን ሰብስቦ ወደ ኋላው ደበቃቸው።

"እጄን አልታጠብኩም" አለና ወደ ጓዳ ገባ።

አልተመለሰም። ተከትላው ስትገባ የቧንቧው ውሃ ይፈሳል፤ እሱ ግን እየታጠበ አልነበረም።

"ዕድሜዬን ሙሉ ምላጭ በሰው ጉሮሮ ላይ ሳስኬድ ኖሬ፣ መርፌ ፈራሁ ብዬ ለማን ልንገር?" አለ ፊቱን ሳያዞር።

"ለእኔ ነዋ፣ አንተ ሰውዬ! ለእኔ!" አለችው። ልትጮህበት ነበር የመጣችው፤ እንባዋ ቀደማት።

ለልጃቸው ራሱ ነገራት። ልጅቱ ሕፃኑን ይዛ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባችና በሩን ዘጋችው። ያ የበር ድምፅ ከማንኛውም ስድብ በላይ አመመው።

ጠዋት ክሊኒኩ ሲከፈት ባልና ሚስት አብረው ገቡ። ነርሱ እጅጌውን ሲሰበስብ አዲስ ፀጉር ያቆጠቆጠበትን አራት ማዕዘን አይቶ ሳቀ።

"አባባ፣ ማን ነው እንዲህ አሳምሮ የላጨዎት?"

ሰውየው ጆሮው ድረስ ቀላ።

"እኔ ነኝ" አለች ሚስቱ።

ባልየው ዓይኑን ጨፍኖ እጇን ያዘ፤ ጣቶቿ እስኪደነዝዙ ጨመቃት። እሷም እጇን አልነጠቀችውም። ዓይኗን ግን ከመርፌው ላይ አላነሳችም፤ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ አላመነችውም።