የጀዊው ልምምድ

አቻን ሪኮርደር መንፋት የጀመረችው ጋምቤላ ከተማ ውስጥ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው የሰንበት ትምህርት ቤት ነው። ሪኮርደር የዋሽንት ዘመድ የሆነ የእንጨት መሣሪያ ነው፤ ጫፉን አፍ ውስጥ አድርገው ወደ ታች ይዘው ይነፉታል። አብዛኛው ልጅ ትንሽ ሞክሮ ይተወዋል። አቻን ግን አልተወችውም። አዲስ አበባ ሄዳ ሙዚቃ ተማረች፣ የአውሮፓን የጥንት ሙዚቃ ከሚጫወት አነስተኛ ቡድን ጋር ዓመታት ሠራች፣ በኋላም ያንኑ ቡድን መምራት ጀመረች። እናቷ ሲታመሙ ልታስታምም ወደ ጋምቤላ ተመለሰች፤ እናቷ ካረፉ በኋላም እዚያው ቀረች።

አንድ የእርዳታ ድርጅት በጀዊ የስደተኞች መጠለያ የሪኮርደር ቡድን እንድታቋቁም ሲጠይቃት ወንድሟ ኦቻን አልወደደውም። እነሱ አኙዋ ናቸው፤ ከደቡብ ሱዳን ሸሽተው በመጠለያው የሚኖሩት አብዛኞቹ ደግሞ ኑዌር፤ ሁለቱ ወገኖች አልፎ አልፎ ይጋጫሉ።

«ሰላም ሲሆን ሁሉም ጥሩ ነው» አላት። «ሲበላሽስ በየት ትወጫለሽ?»

«ሙዚቃ ነው የማስተምረው፣ ኦቻን።»

«እሱን ማን ይጠይቅሻል?»

ሥራውን ተቀበለች። ሆኖም የድርጅቱ መኪና ከከተማው በወጣ ቁጥር የኦቻን ጥያቄ ትዝ ይላት ነበር።

ቡድኑ ከጠበቀችው በላይ ሆነ። ከሁሉም የሚበልጠው ማቻር የሚባል አናጢ ነበር፤ ጋምቤላ የተማረ፣ አማርኛ የሚናገር፣ ትልቁንና ወፍራም ድምፅ ያለውን ሪኮርደር የሚነፋ ሰው። ልብስ ሰፊዋ ኛሊየፕ ትንሿን ትነፋለች። አቻን እጇን ከማንሳቷ በፊት ሁልጊዜ የማቻርን ፊት ታያለች፤ እሱ አየር ሲስብ ሌሎቹም አብረው ይስባሉ።

የመጀመሪያ ዝግጅታቸው ሲቃረብ፣ አንድ ጠዋት በቆርቆሮው አዳራሽ እየተለማመዱ ሳለ ስልኮች ተራ በተራ መጮህ ጀመሩ። አንዱ ተነስቶ ወጣ፤ ሌላው ተከተለው። ማቻር ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ቆሞ ቀረ፤ ከዚያ መሣሪያውን ወንበሩ ላይ ጥሎ ሮጠ። ብዙም ሳይቆይ ኔትወርክ ጠፋ።

«ከተማ ውስጥ አኙዋና ኑዌር ተጣልተዋል» አለቻት ኛሊየፕ፣ በሩን እየዘጋች። «ሰው ተጎድቷል፤ ከሁለቱም። የማቻር ታናሽ ወንድም በጥይት ተመቷል። ቲቸር፣ ከመስኮቱ ራቂ።»

ሾፌሩ ጋሽ ከፈለ መኪናውን ይዞ በመጠለያው ሌላ ጫፍ ነበር። አቻን ከግድግዳው ሥር ተቀመጠች። ውጭ የወንዶች ድምፅ እየበዛ መጣ። ኑዌርኛ ብዙ ባትችልም የብሔሯ ስም ሲጠራ ሰማች፤ አንዴ፣ ደግሞ ሌላ ጊዜ። ዕድሜዋን ሙሉ ስለ ትንፋሽ ስታስተምር ኖራ አሁን የራሷን መቆጣጠር አቃታት፤ ደረቷ ላይ ቆሞ አልወርድ አለ።

ድንገት ውጭ ዝም አለ። በሩ ተከፈተና ማቻር ገባ። ዱላ ይዟል። ያን ሁሉ ጊዜ ስታነበው በኖረችው ፊት ላይ ምንም ልታነብ አልቻለችም።

«ወንድሜን በጥይት መቱት» አለ።

«ሰምቻለሁ።»

«የናንተ ሰዎች ናቸው።»

«በሕይወት አለ?»

«አላውቅም። ስልክ የለም።» በዱላው ወደ በሩ እያመለከተ «ተነሺ» አላት።

«ወዴት?»

«ተነሺ አልኩ።»

ኛሊየፕ በኑዌርኛ አንድ ነገር ተቆጥታ ተናገረችው። እሱ ወደ በሩ ዞረ። አቻን ግድግዳውን ይዛ ተነሳች። እሱ ፊት፣ እሷ መሃል፣ ኛሊየፕ ከኋላ ሆነው ወጡ። ሰዉ በቀኝም በግራም ቆሟል። ወዴት እንደሚወስዳት አላወቀችም፤ ልትጠይቀውም ፈራች። የጭቃ ጓል ትከሻዋን መታት። አንድ ሰው የቀሚሷን እጅጌ ያዘ። ማቻር ዞሮ ዱላውን በሰውየውና በእሷ መካከል ዘረጋው። ሰውየው ለቀቃት።

በመጠለያው ሌላ ጫፍ፣ ከጤና ጣቢያው ጀርባ፣ የድርጅቱ መኪና ሞተሩ እየሠራ ቆሟል። ጋሽ ከፈለ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጧል፤ ላብ አጥምቆታል።

«ማቻር» አለች።

«ምንም አትበይኝ። ዛሬ ፊትሽን ማየት አልችልም።» መኪናው ውስጥ አስገብቶ በሩን ዘጋባት።

ጋሽ ከፈለ ከወንበሩ ሥር አስተኝቶ ሸራ አለበሳት። መንገድ ላይ ሰዎች ሁለት ጊዜ አስቆሙት። «ባዶ መኪና ነው፣ ልጆቼ» ሲል ሰማችው። የወታደሮችን ኬላ አልፈው «ደርሰናል፣ እህቴ፣ ተነሺ» ቢላትም መነሳት አልቻለችም።

ኦቻን በቀጣዩ በረራ አዲስ አበባ ላካት። የድሮ ቡድኗ በደስታ ተቀበላት። ግን በልምምድ መሃል የአዳራሹ በር በተከፈተ ቁጥር እጇ አየር ላይ ይቀራል፣ ተጫዋቾቹም ይተያያሉ። ብቻዋን ስትነፋ ረጅሙ ድምፅ ይንቀጠቀጥባታል፤ ሪኮርደር ደግሞ ትንፋሽ አይደብቅም።

ክረምቱ ሲወጣ ኛሊየፕ ደወለች።

«የማቻር ወንድም ተርፏል። አንድ እግሩ ግን አይታጠፍም።»

«ማቻርስ?»

«አዳራሹ ይመጣል። ይቀመጣል። አይነፋም።»

አቻን ለመመለስ ስትወስን ፍርሃቱ ለቋት አልነበረም። ኦቻን ለቀናት አላናገራትም። ጀዊ ስትደርስ አዳራሹ ውስጥ የድሮዎቹ ግማሽ ያህሉ ነበሩ። ማቻር ትልቁን ሪኮርደር ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ቦታው ላይ ተቀምጧል። ሰላም አላላትም፤ እሷም ሰላም ልትለው አልደፈረችም። እጇን አነሳች።

ጀመሩ። ማቻር አልነፋም። ሁለተኛውን ክፍል ሲጀምሩ ግን መሣሪያውን አነሳ፤ ዘግይቶ ገባ፣ ዓይኑን ከወለሉ ሳይነቅል። እሷም አላቆመችውም።

ሲያበቁ ወንበሮቹን ሊደራርብ ተነሳና አጠገቧ ሲደርስ ቆመ።

«ወንድሜ መምጣትሽን አያውቅም።»

«ትነግረዋለህ?»

«አላውቅም» አለና ወንበሮቹን ይዞ ሄደ።