የታፔላ ጸሐፊው ሞተር

እህቴ ሄዘል እንግሊዝ አገር፣ ግሪምስቢ ወደብ ላይ የዓሣ መርከቦች በያጅ ነበረች። ቀኑን ሙሉ ብረት ስትበይድ ትውልና ቤት ስትገባ ደግሞ ጓሮ ካለው ጋራዥ ገብታ ትበይዳለች። አንድ የእሽቅድምድም ሞተር ብስክሌት ገዝታ የፕላስቲክ ልብሱን ገፍፋ፣ ዝቅ ያለውን መሪ ከፍ ባለና በሰፊ መሪ ቀይራ፣ ከፊቱ ሁለት ክብ መብራት ሰክታለት ስድስት ዓመት ነድታዋለች። እንዲህ ያለውን ራቁቱን የቀረ ሞተር እኛ ጋ ስትሪትፋይተር ይሉታል፤ የመንገድ ተደባዳቢ እንደ ማለት ነው። በፈረንጆቹ ዘጠና አምስት መጋቢት ላይ ሁለተኛውን ለመሥራት ተነሳች።

የምትፈልገውን በጋዜጣ አገኘችው። ሰባት መቶ ሃምሳ ሲሲ ሱዙኪ፣ አንድ ሰው ብቻ የነዳው፣ ላውዝ ከተማ። ቅዳሜ ጠዋት በኔ ቫን ሄድን።

ባለቤቱ ክሊፎርድ ይባላል። ስልሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው። ዕድሜውን ሙሉ ታፔላ ሲጽፍ ኖሯል። በላውዝ ዋና መንገድ ካሉት የሥጋ ቤቶችና የዳቦ ቤቶች ስም ግማሹ የእሱ እጅ ጽሑፍ ነው። ጋራዡን ሲከፍትልን ሄዘል አንድ እርምጃ ወደኋላ አለች።

ሞተሩ ላይ የፋብሪካ ቀለም የለም። ክሊፎርድ ልብሱንም የነዳጅ ታንኩንም በሙሉ በብሩሽ፣ በገዛ እጁ፣ ጠቆር ያለ ቀይ ቀብቶታል። በዳር በዳሩ ፀጉር የሚያህል የወርቅ መስመር ከአፍንጫው እስከ ጭራው አንድም ቦታ ሳይንቀጠቀጥ ይሄዳል።

“ምን ያህል ጊዜ ወሰደብዎት?” አለችው።

“የብርዱን ወራት ሙሉ። መስመሩ ብቻ ሦስት ሳምንት።”

ሄዘል ተንበርክካ ሰንሰለቱን ጎተት አደረገች፣ ጎማውን ዳበሰች፣ ሆዱን በባትሪ አየች። ክሊፎርድ አስነሳላት። ድምፁ ንጹሕ ነበር። ፊቷን ሳየው ልቧን እንደወሰደው ገባኝ።

“ምን ልታደርጊበት ነው የኔ እናት? ለሥራ መመላለሻ?” አላት።

ከኋላዋ ሆኜ እግሯን በጫማዬ ነካ አደረግኋት። አዎ በይው ማለቴ ነው። ሄዘል ግን መዋሸት አይሆንላትም።

“ልብሱን አወልቀዋለሁ” አለች። “መሪውን ከፍ አደርገዋለሁ፣ ጭራውን ቆርጬ አሳጥረዋለሁ። የምፈልገው ለዚህ ነው። ሳልነግርዎ ብወስደው ደስ አይለኝም።”

ክሊፎርድ እጁን ሰደደና ሞተሩን አጠፋው። 

“እንግዲያው አይሸጥም” አለ። አልተቆጣም። “ግን ከግሪምስቢ ድረስ መጥታችሁ ሻይ ሳትጠጡ አትሄዱም።”

ወደ ወጥ ቤቱ ስንከተለው፣ “ዝም ብትዪ ምን ነበረበት?” አልኳት በሹክሹክታ።

“መስመሩን አላየኸውም?” አለችኝ።

ክሊፎርድ ሻዩን ሲቀዳ ማንቆርቆሪያውን በሁለት እጁ ያዘው። ሄዘል ይህን አየች።

“ለምን ሊሸጡት አሰቡ?”

“አንጓዬ ነው” አለ የእጁን አንጓ እያሻሸ። “አርባ ዓመት ብሩሽ ይዣለሁ። እዚያ ሞተር ላይ ተደፍቼ አሥር ደቂቃ ከነዳሁ ጣቶቼ ፍሬኑን መያዛቸውን አላውቅም። ባለፈው መስከረም ደጄ ላይ ከነሞተሬ ቆሜ ወደቅሁ።”

“ቆመው?”

“ቆሜ። ጎረቤቴ አበባዋን እየከረከመች ታየኛለች። የሞተሩ ልብስ የተሰነጠቀው ያኔ ነው፤ ጠግኜ ቀባሁት። በቀን ከግማሽ ሰዓት በላይ መሥራት አልችል፣ ለዚህ ነው የዘገየው።”

ሄዘል ሳቀች፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ስኒዋን አስቀመጠች።

“ክብደትዎ ሁሉ አንጓዎ ላይ ስለሚያርፍ እኮ ነው። የኔን ስትሪትፋይተር ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ቀጥ ብለው ነው የሚነዱት። የሚቀጥለው ቅዳሜ ይምጡና ይሞክሩት።”

“ተደባዳቢውን?”

“እስካሁን ማንንም አልመታም።”

ቅዳሜ በአውቶቡስ መጣ፤ ሄልሜቱን በገበያ ከረጢት ይዞ። የሄዘልን ሞተር ዞሮ ዞሮ አየው።

“የተነጨ ዶሮ ይመስላል” አለ።

“ዶሮው ይሮጣል” አለችው።

ተቀመጠ፤ እጆቹን መሪው ላይ አሳርፎ ጣቶቹን ጨበጥ ዘርጋ አደረገ። ከዚያ ወደ ክሊቶርፕስ፣ ወደ ባሕሩ ዳር ነዳው። ሩብ ሰዓት ቢቆይ ነው ብለን ጠበቅን። አርባ ደቂቃ ሆነ። ቫኔን አስነስቼ ልፈልገው ስል ሄዘል “ተወው” አለችኝ፤ እሷም ግን ከበሩ አልራቀችም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደረሰ። ሄልሜቱን ሲያወልቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተን።

“በኮምጣጤ የራሰ ድንች ጥብስ በላሁ” አለ። “ባሕሩ ዳር ያለው ግንብ ላይ ቁጭ ብዬ። ልመለስ ስል ደግሞ መንገዱ ባዶ ሆነብኝ፤ ምን ላድርግ?” እጆቹን ዘርግቶ ጣቶቹን እያንቀሳቀሰ አሳየን።

ትንሽ ቆይቶ፣ “ሄዘል፣ የኔንም እንዲህ ብታደርጊልኝስ?” አላት።

 እህቴ ያን ሞተር ለራሷ ነበር የፈለገችው። መፍቻ አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው።

“ልብሱን ራስዎ ያወልቁታል” አለች። “እኔ ያን መስመር አልነካም።”

ሞተሩን በቫኔ ወደ ሄዘል ጋራዥ አመጣነው፤ ሥራው አራት ቅዳሜ ፈጀ። በመጀመሪያው ክሊፎርድ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታ። ልብሱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ቫኔ ላይ ጫነና፣ “ቀስ ብለህ ንዳ፤ ጉድጓድ ውስጥ በገባህ ቁጥር የሚያመው እኔን ነው” አለኝ። ወስደን መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። ሄዘል ጭራውን ቆረጠች፣ በየደች፣ መሪውን ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ አድርጋ በክንዱ ልክ አሰረችው። ሲያልቅ ቀይ ሆኖ የቀረው የነዳጅ ታንኩ ብቻ ነበር።

ሄዘል ለራሷ ሁለተኛ ሞተር ያገኘችው ነሐሴ ላይ ነው፤ ስካንቶርፕ ውስጥ አንድ አጥር ሥር የተጣለ፣ ልብሱ አስቀድሞ የተሰባበረ፣ ማንም የማያዝንለት። ጥቅምት ላይ ሁለቱ ወደ ሜብልቶርፕ ሲነዱ በቫኔ ተከተልኳቸው። ከተማው መግቢያ ላይ ክሊፎርድ ቀድሟት አለፈ። ሄዘል ሆን ብዬ ነው ያሳለፍኩት ትላለች። እሱ እስከ ሰባ ሁለት ዓመቱ ነድቷል፤ አንድም ቀን ግን ይህን አልተቀበላትም።