ያልገጠመው ሰርተፍኬት

ጋሽ ያረጋል ቡሬ ላይ የታወቁት በእህል መጋዘን ኃላፊነታቸው ነበር። ወረቀቱ ያልገጠመ ሰው፣ የሥጋ ዘመድም ቢሆን፣ በሳቸው በር አንድ ጆንያ አያስወጣም። ጡረታ ሲወጡ መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ኮምፒውተር ሸለማቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ድምፅ ያለው እሱ ብቻ ነው።

ልጃቸው ሜላት ሐዋሳ ላይ ሳታማክራቸው ያገባች ጊዜ ቁጣ ቀደማቸውና፣ «ሁለተኛ ድምፅሽን እንዳታሰሚኝ ገዝቼሻለሁ!» አሏት። ያሳደጓት የአባት ግዝት እንዳትጥስ አድርገው ነው። ስልክ መደወሉን ትታ በኢሜይል ትጽፍላቸው ጀመር፤ ጽሑፍ መቼም ድምፅ አይደለም። እሳቸውም በናፍቆት ያነባሉ፣ አጭር መልስ ይሰዳሉ። ነፍስ አባታቸው ዘንድ ሄዶ ግዝቱን ማስፈታት ግን ለኩሩ ሰው ከበደ። ዛሬ ነገ ሲሉ ከረሙ።

በበጋው የኮምፒውተሩ የውስጥ ባትሪ ሞተ። ከዚያ ወዲህ በተከፈተ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። ጋሽ ያረጋልም መነጽራቸውን ሰክተው ቀኑንና ወሩን ከሞሉ በኋላ 2017 ብለው ይጨርሳሉ። ኢሜይሉን ሲከፍቱ ታዲያ ማስጠንቀቂያ ይደቀናል፦ የደኅንነት ሰርተፍኬቱ ትክክል አይደለም፣ ልቀጥል?

«ወረቀቱ ካልገጠመማ አይገባም!» ይሉና ይከለክላሉ። አንድም መልእክት አይመጣም። ክረምቱ ገባ። ልጄ ቆረጠችልኝ ብለው ደመደሙ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ብቻቸውን ያለቅሳሉ፤ ሰው ከመጣ ጉንፋን ነው ይላሉ።

ሲብስባቸው ሞባይል የምትጠግነውን ሀኒን ጠሩ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምን ዘመን ነው የሞሉት?»

«ዓመተ ምሕረቱን ነዋ! ሌላ ምን ልሙላለት?»

«እሱ እኮ የሚያውቀው የፈረንጁን ነው። በሱ አቆጣጠር ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ወሰዱት፤ የኢሜይሉ ሰርተፍኬት ደግሞ የወጣው ዘንድሮ ነው። ገና ያልወጣ ወረቀት ሆኖበት ነው የሚጮኸው።»

ቀኑን አስተካክላላቸው ሄደች። የከረመው መልእክት ግር ብሎ ገባ።

«አባባ፣ ወንድ ልጅ ወለድኩ። ስም ያውጡልኝ» ይላል የመጀመሪያው። ቀጥሎ፣ «ክርስትናው ሳይደርስ ስሙን ይላኩልኝ፣ እየጠበቅን ነው።» የመጨረሻው አጭር ነበር፦ «አርባ ቀኑ ሞላ፣ ስሙን እኛው አወጣንለት። ጽሑፌንም እንደ ድምፄ እንደጠሉት ገባኝ። ከእንግዲህ አላስቸግርዎትም።»

ጋሽ ያረጋል ደወሉ። ስልኩ ተነሳ።

«ሜላቴ! የጻፍሽው ዛሬ ነው የደረሰኝ! ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቀኑን አሳስቼ... ፈትቼሻለሁ፣ ተናገሪ ልጄ!»

ሜላት ግን ግዝቱን አልጣሰችም። ግዝት ያለ ቄስ እንደማይፈታ ከልጅነቷ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ትንፋሿ ይሰማቸዋል፣ እያለቀሰች ነው። ከአጠገቧ ሕፃን ይነጫነጫል።

«ማን አላችሁት?» አሏት። አልነገረቻቸውም። ካርዱ እስኪያልቅ ድረስ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ቆዩ።