ኩርፊያ በአንድ ሪሲቨር

ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን ጠዋት የአንድን ቀሚስ እጅጌ ገልብጣ ሰፋች። ፈታችው። አሁንስ ተጠንቅቄ ልሥራ ብላ ቁጭ አለችና እንደገና ገልብጣ ሰፋችው። ምን ይደረግ፣ እጅ ማሽን ላይ፣ ጆሮ በር ላይ ሲሆን እንዲህ ነው። ተነስታ በመስኮት አየች፤ ቴክኒሻኑ ገና አልመጣም። ተመልሳ ሜትሯን ፈለገች። መሳቢያ ከፈተች፣ ጨርቅ አራገፈች፣ ወለሉን ዳበሰች፤ ሜትሩ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ሰሞን የተነሳው ነፋስ ጣሪያ ላይ የነበረውን ዲሽ ገንድሶ ጣለው፤ በቤቱ ያሉት አራት ቴሌቪዥኖችም ባንዴ ድርግም አሉ። አንዱ ሳሎን ነው፣ አንዱ እሷ የምትሰፋበት ክፍል፣ ሁለቱ የልጆቿ መኝታ ቤት። ላቦራቶሪ የምትሠራው ትልቋ ልጇ ዲሹ በመውደቁ ደስ ብሏት ልትሞት ነው።

«ከእንግዲህ ዲሽ የሚባል ነገር እንዳልሰማ» አለች። «ኬብል እናስገባለን። በኬብል ለየክፍሉ የራሱ ሳጥን፣ የራሱ ሪሞት አለ። በዚህ ቤት ዲሽ ማለት ሳሎን ያለው አንድ ሪሲቨር ነው። አባባ የከፈተውን ሁላችንም እናያለን፤ እሱ ዜና ካለ ዜና፣ ኳስ ካለ ኳስ። እስከ መቼ በአንድ ሰው አውራ ጣት እንኖራለን?»

እውነቷን ነው፣ ምን ይወጣላታል። እናትየው ግን ይህን ከሰማች ጀምሮ መቀመጫ አጣች። ለምን ቢባል፣ ከባሏ ጋር የሚያገናኛት ያ ሪሲቨር ብቻ ነበር የቀራት።

ባልየው ዕድሜ ልኩን የአገር አቋራጭ አውቶብስ ሹፌር ነበር። ጡረታ ሲወጣ ባልደረቦቹ ቤቱ መጡ፣ ተበላ፣ ተጠጣ፣ እሱም ብድግ አለና «ወንድሞቼ፣ የእኔ ቤት አውቶብሱ ነበር፤ ዛሬ ከቤቴ ወጣሁ» አለ። እንግዳው አጨበጨበ፤ እንባውን የጠረገም አለ። እሷ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ልጆቿን ብቻዋን ያሳደገችበት፣ እሱ ሲመጣ እየከፈተች ሲሄድ እየቆለፈች የኖረችበት ይህ ቤት ታዲያ ምንድነው? ጋራዥ ነው? ትሪውን አስቀመጠችና «እንግዲያው እዚያው ማደር ነበር» አለች። ካፍ የወጣ አፋፍ፤ ባልም አኮረፈ፣ ሚስትም አኮረፈች።

ኩርፊያ ደግሞ እንደ እነሱ አይታይ። አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው «እናትሽን ጨው አቀብዪኝ በያት» ይላል። እሷም ጨው ዕቃውን እያየች «አባትሽን እፊትህ ነው በዪው» ትላለች። ልጅቷ አስተርጓሚ ሆና ቀረች፤ ያውም ከአንድ ቋንቋ ወደዚያው ቋንቋ።

ከሰዓት በኋላ ሲሆን ግን፣ እሷ ማሽኗ ላይ ሳለች፣ ኳሱ ድንገት ይቋረጥና አንድ ተከታታይ ድራማ ይመጣል። ድራማው ሰው ሁሉ የሚያለቅስበት ነው፤ ሙሽራዋ ታለቅሳለች፣ አማቷ ታለቅሳለች፣ ሐኪሙ ሳይቀር ያለቅሳል። እውነቱን ለመናገር ልብስ ሰፊዋን ይሰለቻታል። ባሏ ደግሞ ድራማ ሲጠላ ለጉድ ነው፤ «የለቅሶ ፋብሪካ» እያለ ነው የሚጠራው። ታዲያ ኳሱን ትቶ ለማን ብሎ ይከፍተዋል? ለእሷ ነዋ። ይህን ስታስብ አንጀቷ ይርሳል፤ አስቸኳይ ሥራዋን ትታ እስከ መጨረሻው ታያለች።

አንድ ቀን ለልጇ ነገሩን ጣል ብታደርግላት ልጅቷ ሳቀች። «ኧረ እማዬ፣ እሱ እኮ በዚያ ሰዓት ሪሞቱን ታቅፎ እንቅልፍ ላይ ነው፤ በክርኑ ተጭኖት ይሆናል።»

ያ ቃል እሾህ ሆኖ ተሰካባት። አንዴ ለእኔ ብሎ ነው ትላለች፣ አንዴ ደግሞ ክርኑ ነው ትላለች። ሄዳ እንዳትጠይቀው፣ ሞታ ትገኛለች። አሁን ኬብል ገብቶ የራሷ ሪሞት ከተሰጣት፣ እሱ ያስባት አያስባት በምን ታውቃለች?

ቴክኒሻኑ መሰላሉን ተሸክሞ መጣ። «ኬብል ነው ዲሽ?» አለ፣ ገና ከበሩ። «የሁለቱንም ዕቃ ይዣለሁ።»

ልጅቷ ለወጉ ያህል ሳሎን ገብታ አባቷን ጠየቀች። «እናትሽ የሚስማማትን» አለ፣ ጫማውን ከመወልወል ቀና ሳይል። እናቷ ዘንድ መጣች። «አባትሽ ያለውን» አለች እናት፤ ልቧ ግን ዲሽ በይ፣ ዲሽ በይ ይላታል።

«እንግዲህ ሁለታችሁም ተናገራችሁ» አለች ልጅቷ። «ኬብል።»

ሰውዬው ግድግዳውን መብሳት ጀመረ። መብሻው በጮኸ ቁጥር ልብስ ሰፊዋ ትነሳለች፤ ኮሪደሩ ድረስ ሄዳ ሳሎኑን በጨረፍታ ታይና ትመለሳለች። ባሏ ያንኑ ጫማ ነው የሚወለውለው። ምነው አንድ ቃል ቢተነፍስ። ምነው እኔስ፣ አለች በሆዷ፣ አፌን ማን ሰፋው።

«ምነው እማዬ፣ እግርሽ አልረጋ አለ?» አለች ልጅቷ።

«የሚሰፋ ልብስ አለብኝ።»

«ኮሪደሩ ላይ ነው የምትሰፊው?»

እናትየው ክፍሏ ገባች። ቴክኒሻኑ ሽቦውን እየጎተተ ተከተላትና ከቴሌቪዥኑ ሥር ተንበረከከ። «እናቴ፣ ለእርስዎ የትኛውን ቻናል ላስቀድምልዎት?» አለ።

አፏን ከመክፈቷ በፊት ከሳሎን ድምፅ መጣ። «ለእናትሽ ያን ድራማ አስቀድምላት በዪው። ሰዓቱ እንዳያልፍባት።»

ልብስ ሰፊዋ ማሽኗን ደገፍ አለች። ክርኑ አይደለም። ይህን ሁሉ ጊዜ እሱ ራሱ፣ ዓይኑን ገልጦ፣ ሰዓት ጠብቆ ነው። ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ የሽቦውን ጫፍ በሰውዬው እጅ ስታይ ደሟ ፈላ። ከእንግዲህ ይህን የሚያደርግላት ሳጥኑ ሊሆን ነው?

«አባትሽን እንዲህ በዪው» አለች ጮክ ብላ። «ድራማውን እኔ አልወደውም። ወድጄውም አላውቅ።»

ልጅቷ ኮሪደሩ መሀል ቆማለች፤ የምታስተላልፈው ነገር አልነበረም። ከዚያ የሹፌሩ እርምጃ ተሰማ፤ ልጁን አልፎ መጥቶ የሚስቱ በር ላይ ቆመ። አንድ እጁ አሁንም ጫማው ውስጥ ነው።

«አትወጂውም?» አላት፣ ፊት ለፊት።

«አልወደውም።»

«ታዲያ ስታለቅሺ ሰምቼሻለሁ እኮ። ያኔ በጡረታዬ ሰሞን። ሳሎን ሆኜ ቻናል ስፈልግ እሱ ላይ ደረስኩ፤ ከዚህ ክፍል ለቅሶሽን ሰማሁ። ይሄን ያህል ሆዷን ከበላው ትየው ብዬ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ አየችው። የለቅሶ ፋብሪካ ብሎ የሚሳደበው ሰው፣ ኳሱን እየሰዋ፣ በየቀኑ ፋብሪካውን የከፈተው ለዚህ ነው።

«ለድራማው አልነበረም ያለቀስኩት» አለች።

ሹፌሩ ጫማውን ከእጁ አውጥቶ መሬት አስቀመጠው፤ ጆሮው ድረስ ቀላ። ልጅቷ ዘወር አለች። ቴክኒሻኑም ምስኪን፣ ለሽቦው ብቻ የመጣ ሰው፣ አንዷን ብሎን ይፈታል ያጠብቃል።

«አጥፍቻለሁ» አለ ሹፌሩ። «በሰው ፊት እንዲያ ማለት አልነበረብኝም። ለብቻችንም ቢሆን።»

«አልነበረብህም።»

ሌላ ይጨምር እንደሆነ ጠበቀችው፤ አልጨመረም። እሱ በንግግር ሲጨምር ምን እንደሚመጣ ስለምታውቅ ይህ በቃኝ አለች። ከዚያ ወደ ቴክኒሻኑ ዞረች።

«ልጄ፣ ኬብሉን ሰብስብ። ዲሹን ስቀልልን።»

«እማዬ፣ እኛስ?» አለች ልጅቷ።

«እናንተ ስልክ አላችሁ። ሪሲቨሩ ግን ሳሎን አይገባም። እዚህ ይቀመጥ፣ ከማሽኔ አጠገብ።»

ቴክኒሻኑ ራሱን አከከ። «ይሆናል። ግን ሪሲቨሩ እዚህ ከሆነ ሪሞቱ ከሳሎን አይሠራም። አባቴ ቻናል መቀየር ሲፈልጉ እዚህ ድረስ መምጣት አለባቸው።»

«ይምጣ» አለች።

ሹፌሩ ልጁን አላየም፣ ቴክኒሻኑንም አላየም። «ኳስ ሲኖርስ?» አላት።

«መጥተህ ትጠይቀኛለህ።»

«እምቢ ብትይስ?»

«ቁጭ ብለህ ትለምነኛለህ።»

ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየው። ይህን ሁሉ ዘመን እሷ የምትሠራበትን ክፍል ገብቶ ተቀምጦበት አያውቅም፤ አንዷ በርጩማም በጨርቅ ተሞልታለች።

«የት ነው የምቀመጠው?» አለ።

ልብስ ሰፊዋ ጨርቁን ከበርጩማዋ ላይ አፍሳ ጭኗ ላይ አደረገች።