ያልተጻፈበት ክዳን

«ቆይ እኔ የምለው፣» አለች ታላቋ፣ ሰው በሞላው ሳሎን መካከል የሻይ ትሪ እንደያዘች፣ «ሱቋን የምትዘጊያት የተዋስነው ወንበር ሳይመለስ ነው ከተመለሰ በኋላ?»

ለቀስተኛው ሁሉ ጸጥ አለ። አፍሮ አይደለም፤ መልሱ እንዳያመልጠው ነው።

ትንሿ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ዕድሜዋ አርባን ቢነካም በዚህ ቤት ስሟ አሁንም ትንሿ ነው። «እታለም፣ እባክሽ፣ ሰው ፊት . . .»

«ሰው ፊት ምን? የአባባ ደንበኞች እኮ ናቸው፤ ይስሙ እንጂ! ‹የተማረ ይግደለኝ› ይል ነበር ነፍሱን ይማረውና። ይኸው ተሳካለት።»

አባታቸው ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሰኞ ጠዋት ትንሿ ደውላ የመጀመሪያዋ ሱቅ በወሩ መጨረሻ እንደምትዘጋ ነገረችው፤ ሰኞ ከሰዓት ልቡ ቆመ። ታላቋ ጠዋቱንና ከሰዓቱን አንድ ላይ ቋጥራቸዋለች። ሐኪሙ ልቡ ከዓመት በፊት እንደደከመ ቢያስረዳም ቋጠሮው አልላላም። ትንሿም ብትሆን ሌሊት ሌሊት ያንኑ ቋጠሮ ስትነካካ ነው የምታነጋው።

ታላቋ ከኪሷ ቁልፍ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ወረወረች። «እንቺ። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ከፈትኳት። መዝጋቱን ደግሞ አንቺ ተማሪው፤ መቼም ትምህርት አይሰለችሽም።»

ከጥግ በኩል አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ትንሿ ቁልፉን አነሳች፤ ብትተወው የባሰ ይመስላል።

«ጋሽ ደቂቃ በሕይወት እያሉ እኮ አንድ ቀን ፒዛ አቃጥዬ አላውቅም፣» አለች ጎረቤታቸው ነርሷ፣ ለማንም ሳይሆን ለብርጭቆዋ። «ከአዲሱ ቅርንጫፍ የወሰድኩት ግን ታቹ ከሰል፣ መሐሉ ሊጥ።»

«ስቲከሩን አላነበብሽማ!» አላት ሾፌሩ አጎታቸው። አሁን ማንም አላሳለም፤ በግልጽ ሳቁ። በሱቆቹ ሁሉ ሠራተኛው ትንሿን በሌለችበት «ስቲከሯ» እንደሚላት ታውቃለች።

ሰፈሩ ‹ጋሽ ደቂቃ› የሚለው አባታቸው የሚሸጠው ያልተጋገረ ፒዛ ነበር። ሊጡን ዘርግቶ፣ ድልሁን ቀብቶ፣ አይቡን በትኖ፣ በካርቶን ክዳን ሸፍኖ ይሰጣል፤ ደንበኛው ቤቱ ወስዶ ይጋግራል። ሳይጠይቅ ግን አይሰጥም። «ኦቨንሽ ጋዝ ነው ኤሌክትሪክ? ስንት ዓመቱ ነው? በየት በኩል ያጠቁርብሻል?» የሰማውን አስልቶ፣ ክዳኑ ላይ ለዚያች ሴትዮና ለዚያ ኦቨን የሚሆነውን ደቂቃ በእጁ ይጽፋል። ትንሿ ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ከባሕር ማዶ ስትመለስ ከጀርባው ቆማ በሰዓት ለካችው። ለአንድ ደንበኛ አራት ደቂቃ። በዚህ አካሄድ ሁለተኛ ሱቅ እንኳ አይከፈትም። ስለዚህ ክዳኑ ላይ የሚለጠፍ ስቲከር አሳተመች፦ በ220 ዲግሪ፣ 18 ደቂቃ።

አባቷ ስቲከሩን ከመነጽሩ አርቆም አቅርቦም አየው። «ይሄ የማን ኦቨን ነው?»

«የሁሉም፣ አባባ።»

«የሁሉም የሚባል ኦቨን አላውቅም፣» አለና እንዳይጣል አጥፎ ኪሱ ከተተው።

በሰባት ዓመት ዘጠኝ ሱቅ ሆኑ። እሱ ግን በመጀመሪያዋ ሱቅ መጻፉን አልተወም፤ ሰልፉም እስከ መንገዱ ነበር። ትንሿ ልትዘጋት የቆረጠችውም ለዚሁ መዘግየት ነው።

ትንሿ ሳሎኑ ሲጠብባት ወደ ማድ ቤት ገባች። ውሃ ብላ ማቀዝቀዣውን ስትከፍት ታችኛው መደርደሪያ ላይ ክዳን ያለው ትሪ አየች። ሰኞ ጠዋት ለቤቱ እራት ብሎ የሠራው ነው። ክዳኑን አነሳችው፣ ገለበጠችው። በሁለቱም በኩል ባዶ። ከአባቷ እጅ የወጣ ባዶ ክዳን አይታ አታውቅም። ጊዜ አጥቶ ይሆን? አሞት ይሆን?

ኦቨኑን በ220 ለኮሰችው። ሲግል ትሪውን አስገባች።

ታላቋ ብርጭቆ ልታጥብ ገባች፣ አየችና ቆመች። «ምን እየሠራሽ ነው?»

«ነገ ይበላሻል። የእሱ እጅ ነው፣ እታለም። መጣል የለበትም።»

ታላቋ ኦቨኑን አየች፣ እህቷን አየች፣ እጇን አጣጥፋ ግድግዳውን ተደገፈች።

በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ጭስ ሸተተ። ትንሿ ዘላ ተነሳች።

«ስድስት ደቂቃ ይቀረዋል፣» አለች ታላቋ። «ስቲከሩ ነው ያለው።»

ትሪው ሲወጣ የቀኙ ግማሽ ወርቅ መስሏል፤ የግራው ከስሏል።

«በግራ ያቃጥላል፣» አለች ታላቋ። «እዚህ ቤት ይሄን የማያውቅ የለም።»

ያኔ ለትንሿ ገባት። ክዳኑ ባዶ የሆነው አሞት አይደለም። አባቷ የሚጽፈው ለሰው ቤት ነው፤ ለራሱ ቤት ምን ብሎ ይጽፋል? ሁሉም ያውቀዋል። ኦቨኑ ሲገዛ ባሕር ማዶ የነበረች፣ ከተመለሰችም ወዲህ ሰባት ዓመት ሙሉ በሌላ ሰፈር እየኖረች፣ እንደ እንግዳ መጥታ እየበላች የሄደች ሴት ግን አታውቀውም።

ከጠቆረው ወገን ቆርሳ ተቀመጠችና በላች። መረራት። ደገመች።

«ደህናውን ብዪ እንጂ። እንዳዝንልሽ ነው?»

ትንሿ ማቀዝቀዣው ጎን በክር የተንጠለጠለውን የአባቷን እስክሪብቶ ሳበችና ክዳኑ ላይ ጻፈች፦ በግራ ያቃጥላል። በዘጠኝ ደቂቃ ይዙር።

ታላቋ በትከሻዋ በኩል አነበበች። «በስምንት።»

ትንሿ ዘጠኙን ሰርዛ ስምንት አለችው። «የነርሷስ?»

«ምን አገባሽ?»

«የነርሷስ፣ እታለም?»

ታላቋ አንድ ብርጭቆ አጠበች፣ ሌላ ደገመች። «ጋዝ ነው። ከታች ነው የሚይዝባት። ሁለት ትሪ ደርቢ ይላት ነበር።»

ትንሿ ጻፈች። ከዚያ ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ ክዳኑ ላይ አኖረችና ወደ እህቷ ገፋችው። «አንቺው ክፈቻት። እኔ መጥቼ እጽፋለሁ፤ የምጽፈውን ትነግሪኛለሽ።»

ታላቋ ቁልፉን አልነካችም። እጇን በፎጣ አደራረቀች፣ ከጠቆረው ወገን ቆረሰች፣ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማ በላች።